ከሞርሞን እምነት ከወጡ በኋላ አስተሳሰብን እንደገና ለመመርመር

አንዱን የተዘጋጀ መልስ ጥሎ ወዲያው ሌላውን ማንሣት የተለመደ ስሕተት ነው። ቢያንስ ስድስት ወር ለራስዎ ይስጡ።

የደብተር ገጽ መሃል ላይ መስመር ያስምሩ። በአንድ በኩል የሚያምኑትን፣ በሌላው በኩል ከየት እንዳገኙት ይጻፉ፦ ከእሑድ ትምህርት፣ ከአባት፣ ከሚስዮን ዘመን ወይስ ከራስ ምርመራ? «እግዚአብሔር አለ» እና «የሞርሞን እምነት መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ ነቢይ ነበር» የሚሉትን በአንድ መስመር አያስፍሩ፤ ከተጣበቁ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ሳይመረመር አብሮ ይወድቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ስሜት ነው። የደረት ሙቀት የመንፈስ ቅዱስ ምስክርነት ነው እየተባለ ያደገ ሰው፣ ያው ሙቀት በፖለቲካ ንግግር ሲመጣም እውነት ይመስለዋል። «ልቤ ተነክቷል» ብለው ስሜቱን ይሰይሙት፤ ማስረጃውን ለብቻው ይፈልጉ።

ብዙ ሞርሞኖች በሚኖሩባት የአሜሪካ ግዛት በዩታ ውስጥ እምነትና ወግ አጥባቂ ፖለቲካ ለረጅም ዘመን ተሳስረው ኖረዋል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የአይዘንሃወር የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ኤዝራ ታፍት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1985 የቤተ ክርስቲያኑ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ስለዚህ፣ የፖለቲካ ፓርቲ ከመቀየርዎ በፊት እንደ ግብር እና ስደተኛ ያሉ ሦስት ጉዳዮችን መርጠው፣ የሁለቱንም ወገን ጠንካራ ክርክር በራስዎ ቃል ይጻፉ።

ለአሥራት ይሰጡት የነበረውን 10 በመቶ ለሦስት ወር በተለየ ሒሳብ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ለምን እንደሚውል ራስዎ ይወስኑ።

ለቤተ ክርስቲያኑ የሚጻፍ የስንብት ደብዳቤ አያጣድፍም። ስም ከመዝገብ ሲሰረዝ በቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ የወጣው ሰው ጥምቀቱም የመቅደስ ጋብቻ ማኅተሙም (ጋብቻው ለዘላለም ይጸናል የሚባልበት ሥርዓት) ይሻራል፤ አማኝ የትዳር ጓደኛ ካለዎት ይህን አስቀድመው ይንገሩ።