270 ብር የት ገባ?

ማታ ሱቅ ስንዘጋ ሂሳቡ 270 ብር ጎደለ። ካሸሯ ብሩን ደጋግማ ቆጠረች፤ ያው ነው። ጉድለት ከደመወዝ ስለሚቆረጥ ፊቷ ጠቁሯል።

ከዜድ ሪፖርቱ (የካሽ ሬጅስተሩ የቀን መዝጊያ ድምር) ጠቅላላ ሽያጭ ላይ፣ በዝውውር ደብተሩ መሠረት በቴሌብርና በባንክ የገባውን ቀነስኩ። የጠዋቱን መነሻ ዝርዝር ብር ደመርኩበት። መሳቢያው ውስጥ መገኘት ያለበት ያ ነው። አሁንም 270 ይጎድላል።

ከዚያ ቁጥሩን ራሱን አየሁት። ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሁለት አሃዞች ቦታ ተቀያይረዋል ማለት ነው (የድሮ ሂሳብ ሠራተኞች ዘዴ ናት፤ እስካሁን ታዋጣለች)። ስለዚህ ብር መቁጠሩን ትተን የዝውውር ደብተሩን ከስልኩ መልዕክቶች ጋር በየመስመሩ አመሳከርን። ዘይትና ፓስታ የገዛ ደንበኛ በቴሌብር 630 ብር ልኳል። ደብተሩ ላይ ግን 360 ይላል። በቃ፣ ስህተቷ እሷው ናት! ከሽያጩ ላይ 270 አሳንሼ ስለቀነስኩ መሳቢያው የጎደለ መሰለ። ጥሬ ብሩማ አንድም ሳንቲም አልጎደለውም።

አሁን ገንዘቡ የሚመዘገበው ደንበኛው ሲናገር ተሰምቶ ሳይሆን ከመልዕክቱ ላይ ታይቶ ነው፤ የዝውውሩ መለያ ቁጥርም አብሮ ይጻፋል። ተረኛ ሲቀየር ደግሞ ኤክስ ሪፖርት እናወጣለን። ኤክስ ድምሩን ያሳያል እንጂ እንደ ዜድ ቀኑን አይዘጋም፤ ስለዚህ ስህተት ቢኖር በማን ፈረቃ እንደሆነ ቶሎ ይታወቃል።