ንፋስ የሚደረድረው በገና፦ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ሱሉልታ የገባሁ ሰሞን ማታ ማታ የሆነ ዜማ እሰማ ነበር። ለካ የመብራት ሽቦው ነው። ንፋስ ሲያልፍበት ያዜማል። ያንኑ ድምፅ ከሳጥን ማውጣት ይቻላል። ፈረንጆች መሣሪያውን በግሪኮች የንፋስ አምላክ በኤዎሎስ ስም ይጠሩታል። ኪርሸር የሚባል ጀርመናዊ የኢየሱሳውያን ቄስ እ.ኤ.አ. በ1650 ስለ አሠራሩ ጽፏል። በአይሁድ ሊቃውንት ትውፊት ደግሞ ከዳዊት አልጋ በላይ የተሰቀለው በገና እኩለ ሌሊት ላይ የሰሜን ንፋስ ሲመጣ በራሱ ይደረደር ነበር። ስለዚህ እኔ የንፋስ በገና እለዋለሁ።

መጀመሪያ ገበቴው። ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 14፣ ጥልቀቱ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ይሥሩ። ክዳኑ ባለ 4 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ይሁን፤ ስስ ካልሆነ አያስተጋባም። የክሮቹን ጉተታ የሚሸከሙት ሁለቱ ጫፎች ግን ወፍራም ጣውላ ይፈልጋሉ። ከግቢ የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ አይሞክሩ። የኔ የመጀመሪያ ሳጥን በወሩ ተጣሞ አፉን ከፈተ። ክዳኑ መሐል ላይ 5 ሴንቲ የሚሰፋ ክብ ቀዳዳ ያውጡ፣ በእንጨት ኮላ ያጣብቁትና ይደር።

በነጋታው ከየጫፉ 5 ሴንቲ ገባ ብሎ አንድ አንድ በርኩማ ይለጥፉ። ጣት የሚያህል የእንጨት ዘንግ ይበቃል፤ ሥራው ክሮቹን ከክዳኑ ማንሳት ብቻ ነው። ከዚያ ስድስት የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይዘርጉ፣ ውፍረታቸው ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊ የተለያየ። በአንዱ ጫፍ ምስማር፣ በሌላው የጊታር መቃኛ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቅኝቱ። እኔ ክራር የለመደ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ትዝታ ቃኘሁት። የወጣው ድምፅ እርስ በርሱ የሚጣላ ሆነ። ስድስቱም ክሮች አንድ ዓይነት ድምፅ ላይ፣ ያውም ላላ ብለው፣ መቃኘት አለባቸው።

ለምን? ንፋስ ክሩን አይመታውም። ከክሩ ጀርባ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ በኩል ትንንሽ አዙሪት እየለቀቀ ያርገበግበዋል። ስትሮሃል የተባለ የቼክ ፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1878 ሒሳቡን አገኘው፦ የንፋሱን ፍጥነት ለክሩ ውፍረት ያካፍሉ፣ በ0.2 ያባዙ። በሰከንድ 3 ሜትር የሚሄድ ንፋስ በ0.5 ሚሊ ክር ላይ በሰከንድ 1200 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ በ0.8 ሚሊው ላይ 750። የክሩ የራሱ ድምፅ ከዚህ እጅግ ይወፍራል። ስለዚህ ክሩ የሚመልሰው በሦስት፣ በሰባት፣ በአሥራ ሁለት እጥፍ በሚቀጥኑት ድምፆቹ ነው። ከአንድ መነሻ ድምፅ ስለሚወጡ እነዚህ ይስማማሉ። ውፍረቱ የሚለያየው፣ ቅኝቱ አንድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የቀረው ቦታ መምረጥ ነው። የኛ መስኮት እንደ በር ስለሚከፈት በጠባቡ ገርበብ ያድርጉትና በገናውን ክፍተቱ ውስጥ ያቁሙት። ንፋሱ ክሮቹን አቋርጦ ማለፍ አለበት። ትይዩ ያለውን በር ካልከፈቱ አየሩ አይዘልቅም። ብርዱን መቻል ነው እንግዲህ።

ሲመሽ አውርጄ አስገባዋለሁ። አንድ ሌሊት ረሳሁት። ጠዋት ጎረቤቴ እትዬ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ለቅሶ ደርሶብህ ነው እንዴ?» አሉኝ።