ቤት ውስጥ ለምታስታምሙ

ነርስ በቀን አንዴ መጥታ ብትሄድም፣ የቀረው ሰዓት የቤተሰብ ነው። ይሄ የገባኝ እናቴ ስትሮክ መትቷት የአልጋ ቁራኛ ስትሆን ነው።

አንድ ደብተር ግዙና ራስጌ አስቀምጡ። ለበሽተኛው የተሰጠው መድኃኒት፣ የደም ግፊቱ፣ በስንት ሰዓት በየትኛው ጎን እንደተኛ ይጻፍ። በየ2 ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ የአልጋ ቁስል ሊመጣ ይችላል። ታዲያ "ቀላ ወይ?" እያላችሁ በዓይን ብቻ አትፈልጉ፤ በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ተረከዙን፣ ዳሌውንና ከወገቡ በታች በእጃችሁ ዳስሱ። ከአካባቢው የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ካገኛችሁ በዚያ ጎን አታስተኙት፤ ለነርሷም ያኔውኑ ደውሉ። እኛ ቤት አክስቴ ቦታውን በቅባት ልሸው ብላ ተነስታ ነበር (ለደግ ብላ ነው)፤ ማሸቱ ግን የተጎዳውን ቆዳ ይበልጥ ይጎዳዋል።