ከሸኹና ከቄሱ ጋር ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ስትነጋገሩ የሚበላሹ ነገሮች

ይህ በደሴ ዙሪያ፣ በቃሉ፣ በተሁለደሬና በኩታበር ለምትሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ለአሠልጣኞች ነው። ከሃይማኖት አባቶች ጋር የሚደረገው ውይይት ከሸፈ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ያከሸፈው የአባቶቹ እምቢታ አይደለም፤ የእኛ አቀራረብ ነው።

ንግግሩን «የወሊድ መቆጣጠሪያ» ብላችሁ አትክፈቱ። «ተቆጣጣሪው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይመጣል፤ ጥያቄውም አግባብ ነው። ዑለሞች ሁለት ነገር ይለያሉ። ተንዚም አራርቆ መውለድ ነው፤ ተሕዲድ ደግሞ ቁጥር ወስኖ መዝጋት። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ይፈቅዳሉ፣ ሁለተኛውን ይቃወማሉ። «ሁለት ልጅ ይበቃል» የሚል ወረቀት ይዞ መስጊድ የገባ ባለሙያ ገና ሳይቀመጥ ተጣልቷል። መነሻችሁ ጡት ይሁን። ሱረቱል በቀራ 233 ስለ ሁለት ሙሉ ዓመት ማጥባት ይናገራል፤ የጤናው ምክርም ከወሊድ በኋላ 24 ወር ሳይሞላ አታርግዢ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ዝም በሉ፤ የቀረውን ሸኹ ይሉታል። ሰሐቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) አዝል፣ ማለትም ዘርን ከማሕፀን ውጭ ማፍሰስ፣ ያደርጉ እንደነበር የሚናገረውን የጃቢርን ሐዲስም እሳቸው ያንሱት። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሐዲስ ሲጠቅስ ሕዝቡ ሐዲሱን ትቶ ሰውየውን ይመረምራል።

አሁን ደጋግሞ የሚያቃጥለው ስህተት። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ የወሰደች እናት ረመዳን ላይ ትመጣለች። ሃያ ቀን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ደም አይታለች። ባለሙያዋ ካርዷን ገልጣ «ያለ ነው፣ ይለምድሻል» ትላትና ታሰናብታታለች። እናቲቱ ግን የመጣችው ደም ማነሷን ልትጠይቅ አልነበረም። ጥያቄዋ «ልስገድ ወይስ ልተው? ጾሜ ተቆጠረ ወይስ ቀዳ (በኋላ የሚከፈል) ነው?» የሚል ነው። ክርስቲያኗም እንዲሁ፤ ቅጥሩን ሳትገባ፣ ሳትቆርብ ስንት ሰንበት አለፈ? ይህን ሳንመልስላት ከርማ «አውጡልኝ» ስትል ሰነፍ ተጠቃሚ እንላታለን። ስንፍናው የእኛ ነው!

መደረግ ያለበት እንዲህ ነው። ከመቅበራችሁ በፊት የወር አበባዋ ሊዛባ፣ ሊንጠባጠብ ወይም ጭራሽ ሊቀር እንደሚችል ንገሯት፤ ቀጥላችሁም «ለስግደትሽ፣ ለቤተ ክርስቲያንሽ እንዴት ይሆንልሻል?» ብላችሁ ጠይቋት። ደሙ የጀመረበትንና የቆመበትን ቀን ምልክት እንድታደርግ ካሌንደር ስጧት። ሸኹ የሚፈልጉት ይህንኑ ቁጥር ነው። በሐነፊ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ አረዳድ) የሐይድ፣ ማለትም የወር አበባ፣ ትንሹ 3፣ ትልቁ 10 ቀን ነው፤ በሻፊዒ ትልቁ 15 ቀን ይደርሳል። ከዚያ ያለፈው ኢስቲሓዳ፣ ማለትም ከወር አበባ ውጭ የሆነ ደም፣ ነው፤ ታጥባ፣ ለየሶላቱ ውዱእ አድርጋ ትሰግዳለች፣ ትጾማለች። ወሎ ውስጥ ሁለቱም መዝሀብ ስላለ ፍርዱን ለራሷ ሸኽ ተዉት። የእናንተ ድርሻ እርግዝናና ኢንፌክሽን አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ የጨጓራ ቁስለት ከሌለባት በጤና ጣቢያ ኢቡፕሮፌን 800 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ለ5 ቀን እንዲታዘዝላት ማድረግ፣ ደሙ ከበዛ ደግሞ ሳይውል ሳያድር መላክ ነው።

ሌላው ስህተት «ሕዝብ በዝቶ የጦሳ ተራራ ተራቆተ» ብሎ መጀመር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ወንዝ ሲያቀልም የምታይ እናት የተፈጥሮ ጉዳት ሁሉ በማሕፀኗ ሲሳበብ ትቆጣለች፤ እውነትም አላት። መሬቱን ራሱን ቁጠሩ። አያት 8 ጥማድ ነበረው። ለ4 ልጆች ሲያካፍል ለየአንዳንዱ 2 ደረሰ። እነሱም አራት አራት ወለዱ፤ ለልጅ ልጅ ግማሽ ጥማድ። በግማሽ ጥማድ መሬት ማሳደር አይቻልም፤ ግጦሹ ይታረሳል፣ ከዚያ ገደሉ ይታረሳል፤ ዛፉ ሲያልቅ ለማሳ ይሆን የነበረው ኩበት ምድጃ ይገባል፣ አፈሩም በክረምት ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ይህን ገበሬው ከእናንተ በተሻለ ያውቀዋል፤ እናንተ ስሌቱን ብቻ አብራችሁ አስሉት። ቄሱ «ብዙ፥ ተባዙ» የሚለውን ዘፍጥረት 1፥28 ካነሡ አትከራከሩ። 2፥15ንም እንዲያነቡላችሁ ለምኑ፤ አዳም ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ተቀመጠ ይላል። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጽድና ወይራ ቆሞ ከአጥሩ ውጭ ያለው ባዶ ሲሆን ማስረጃው እዚያው ነው። ግን የማይሆን ተስፋ አትስጡ፤ አራርቆ መውለድ በመሬት ድርሻ ላይ የሚታየው ከ20 ዓመት በኋላ ነው፣ እርከን ግን በቀጣዩ ክረምት። ሁለቱን አንድ ላይ አንሡ።

በ1985 ዓ.ም የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ አልሞ ነበር፤ የ2008 ዓ.ም ጥናት 4.6 አገኘ። ይህ ለሪፖርት ነው፣ ለመድረክ አይደለም።

ዲፖ (የሦስት ወሩ መርፌ) ሲቆም «ወዲያው ታረግዣለሽ» አትበሉ። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እርግዝና እስኪመጣ በአማካይ 10 ወር ገደማ ሊወስድ ይችላል። ይህን ደብቃችሁ ሸኹ በሚንበር ላይ ቃል ከገቡ በኋላ አንዲት ሙሽራ ዓመት ብትቆይ፣ የተሰበረው የእሳቸው ቃል ነው፤ ዳግመኛም አይሰጧችሁም። እንክብሉ፣ ሉፑ (በማሕፀን የሚቀመጠው) እና የክንዱ ግን ሲቆሙ ብዙ አያዘገዩም።

ለጾም ወር እንክብል ከኢፍጣር በኋላ ይዋጥ።

የንስሐ አባትን «ማን ትጠቀማለች?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ እናንተም ስም አትንገሯቸው። ከባሏ ደብቃ የምትወጋ ካለች ካርዷ ጤና ኬላ ይቀመጥ።

የሕፃን ክርስትና ማንሣትን እንደ ድግስ ብቻ አትዩት። ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ቄሱ እናቲቱን ያገኟታል፤ በመሐል የ45 ቀኑ ክትባት አለ። ጡት ብቻ ካላጠባች የወር አበባዋ ሳይመለስም ልታረግዝ ስለምትችል ምክሩ የሚያስፈልጋት ያኔ ነው። ለምታጠባ እናት ጥምሩን (ሁለት ሆርሞን ያለበትን) እንክብል ከወሊድ በኋላ ከ6 ወር በፊት አትስጡ።

ስብሰባ ዓርብ ቀትር አትጥሩ፣ የደሴን ሰኞ ገበያም አትሻሙ። ምሳው ጾም ይሁን፤ የማን ሥጋ ነው የሚለው ጥያቄ ያኔ አይነሣም።

«አውጡልኝ» ያለችን እናት አታባብሉ፣ ቀጠሮም አታብዙባት። ቀባሪዋ ጤና ኬላ ሆና ማውጣቱ ጤና ጣቢያ ከሆነ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ፣ በየትኛው ቀን፣ ማንን እንደምትጠይቅ ከመቅበራችሁ በፊት ካርዷ ላይ ጻፉላት። «ቀብረው እምቢ አሉኝ» የሚለው ወሬ ወዳጃው (የጸሎትና የምርቃት ስብስቡ) ላይ አንድ ጊዜ ከተነሣ ሸኹም ቄሱም አይመልሱትም።