የአሮጌ ቮልስ የነዳጅ ጌጅ ጓርኒሲዮን ስትቀይሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ቮልስ ያለው ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል። ቤንዚን ሞልታችሁ የጅሬንን አቀበት ትጀምራላችሁ። ግማሹን ሳትወጡ የመኪናው ውስጥ በቤንዚን ይታፈናል። መስኮት ይከፈታል። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች "ራሴን አመመኝ" ማለት ይጀምራሉ።

የቮልስ ሳልባትዮ፣ ማለትም የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው፤ ከተሳፋሪው እግር ብዙም አይርቅም። ከሳልባትዮው አናት ላይ የቤንዚኑን መጠን የሚለካው ጌጅ ክብ ክዳን አለ። በክዳኑና በሳልባትዮው መሃል ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ ትገባለች። እሷ ስትደርቅና ስትሰነጠቅ ቤንዚኑ በተናጠ ቁጥር ያልባል፣ ትነቱም ወደ ውስጥ ይገባል። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ሥራዋም ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ነገር ግን እጃችሁን የምታስገቡት ቤንዚን ውስጥ ነው። እኔ የአባቴን ቮልስ ከተረከብኩ ወዲህ ሁለት ጊዜ አስቀይሬያለሁ። ሁለተኛው ያስፈለገው የመጀመሪያው በትክክል ስላልተሠራ ነው።

ሽታ በመጣ ቁጥር ጓርኒሲዮኗን ጥፋተኛ ማድረግ

ቤንዚን የሚሸትበት መንገድ ብዙ ነው። የመሙያው አንገት የሚያያዝበት ጎማ ይሰነጠቃል። ቀጭኗ የትነት ቱቦ ትደርቃለች። ከሳልባትዮው ሥር ቤንዚኑን ወደ ሞተር የሚወስደው ቱቦም ያረጃል። ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት የክዳኑን ዙሪያ አጽዱና አድርቁ። ነጭ ሶፍት አጣጥፋችሁ ዙሪያውን አድርጉ፤ ሌላ ሶፍት ደግሞ በመሙያው ጎማ ላይ ጠቅልሉ። ሞልታችሁ አንድ ዙር ንዱና ኮፈኑን ክፈቱ። የረጠበው ሶፍት ቦታውን ያሳያችኋል። እኔ ይህን ባለማድረጌ ደህና የነበረ ቱቦ ቀይሬያለሁ።

ከሰል ባለበት ግቢ ውስጥ መፍታት

ስለዚህኛው ረዘም አድርጌ ልናገር። እኛ አገር መኪና የሚፈታው እሁድ ነው፣ ግቢ ውስጥ። እሁድ ግቢ ውስጥ ደግሞ ቡና አለ፤ በተለይ ጅማ። ጓርኒሲዮኗን ለመቀየር ኮፈኑን የከፈትን ቀን ጎረቤታችን በረንዳቸው ላይ ከሰል አያይዘው ነበር። ከእኛ ቢያንስ አሥር እርምጃ ይርቃሉ። የሚያግዙኝ አዛውንት መካኒክ ካቻቢቴውን ከእጄ ተቀበሉኝና "ልጄ፣ መጀመሪያ ቡናው ይጠጣ። ከሰሉ ይጥፋ። ከዚያ እንፈታለን" አሉኝ። ሦስተኛው እስኪጠጣ ጠበቅን።

ትክክል ነበሩ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ ተበትኖ አይጠፋም፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይወጣዋል። በጅማ ቀን ሙቀትማ አስቡት። ሳልባትዮው ባዶ ነው ብላችሁም አትዘናጉ። ባዶው ውስጥ ያለው ትነት ነውና ከሙሉው ይብሳል።

ባትሪውንም አትርሱ። ቮልስ ላይ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የማሳውን ገመድ (ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘውን) ፍቱና ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ገመድ ባለው አምፖል ሳይሆን በእጅ ባትሪ አብሩ። የእሳት ማጥፊያ ከሌላችሁ የሚሸጥበት ሱቅ እስክታገኙ ሥራው ይቆይ።

የራስን ሞዴል ሳያውቁ መጀመር

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1961 በፊት የወጡት ቮልሶች ጭራሽ ጌጅ አልነበራቸውም። ቤንዚኑ ሲያልቅ ሞተሩ ይንገራገጫል፤ ሾፌሩ ከእግሩ አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ወደ መጠባበቂያ ያዞራል። ከዚያ በኋላ እስከ 1967 አጋማሽ የተሠሩት ጌጃቸው በካቦ ነው የሚሠራው። የኤሌክትሪኩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ባለ ካቦው ላይ ክዳኑን ቀጥ አድርጋችሁ ብትስቡት ካቦው ይበጠሳል። መጀመሪያ ካቦውን አላቅቁ።

ጭቃውን ሳይጠርጉ ብሎን መፍታት

የጅማ ዝናብ ክረምት ብቻ አይጠብቅም። የኮፈኑ ጎማ ካረጀ ውኃው ቀይ አፈሩን ይዞ ክዳኑ ዙሪያ ይተኛል። ሳታጸዱ ከፈታችሁት የሚገባው ሳልባትዮ ውስጥ ነው። በብሩሽ ጥረጉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ድገሙት። የኮፈኑንም ጎማ እግረ መንገዳችሁን እዩት።

ክዳኑን ከማንሳታችሁ በፊት አቀማመጡን በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ዞሮ ከገባ ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈው ጋላጃንቴ ግድግዳ ይነካና የጌጁ መርፌ አንድ ቦታ ትቀራለች። የአሮጌዋን ጓርኒሲዮን ቅሪት በቢላ አትፋቁ። ጫፉ የተሳለ እንጨት ይበቃል። ቀዳዳውን ቁርጥራጭ በማይጥል ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት።

ከካላማዳሪ መቁረጥ፣ በሲሊኮን መለጠፍ

የመጀመሪያው ጥገናዬ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጋራዥ ከጎማ ካላማዳሪ ቆርጠው ሠሩልኝ፤ "እንዳያልብ" ብለው በላዩ ተራ ሲሊኮን ቀቡት። ያን ቀን ሽታ የለም። በሦስተኛው ወር ሽታው ብሶ መጣ፣ ሞተሩም አቀበት ላይ መታነቅ ጀመረ። ስንከፍተው ሲሊኮኑ እንደ ገንፎ ላልቷል። ቁርጥራጩ ወርዶ የሳልባትዮውን ወንፊት ደፍኗል።

የካላማዳሪ ጎማ የተሠራው አየር እንዲይዝ ነው። ቤንዚን አይችልም። ካላመናችሁ የተረፈውን ቁራጭ ክዳን ባለው ጠርሙስ ቤንዚን ውስጥ ውጭ አሳድሩት። እኔ ያሳደርኩት ጠዋት ውኃ እንደጠጣ ባቄላ አብጦ አገኘሁት፤ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል።

የሚሆነው ቤንዚን የሚችል ናይትሪል ጎማ፣ ወይም ቡሽና ናይትሪል የተደባለቀበት ነው። ቫይተን የሚባለው ጎማ ከተገኘ ደግሞ እሰየው። እዚሁ ጅማ መርካቶ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች ስትጠይቁ "ለነዳጅ የሚሆን" በሉ፤ "ለቮልስ" ማለት ብቻ አይበቃም። እዚህ ከጠፋ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አሮጌዋን ናሙና አድርጋችሁ ላኩ። 350 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ብትመጣም ትሻላለች። ትክክለኛዋ ስትገኝ ደግሞ ሲሊኮን አያስፈልግም፤ ደረቅ ትገባለች።

ብሎኑን አንድ በአንድ ጨርሶ ማጥበቅ

አንዱን ጥርቅም አድርጋችሁ ወደ ጎረቤቱ ካለፋችሁ ክዳኑ ይጣመማል። መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ አስገቡ። ከዚያ ፊት ለፊት እያፈራረቃችሁ፣ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ። ጓርኒሲዮኗ በጠርዙ ትንሽ ስትታይ አቁሙ። ተጨፍልቃ ከወጣች አልፋችኋል። እጁ ብርቱ የሆነ ሰው እዚህ ላይ ካቻቢቴውን ለሌላ ይስጥ።

ማሳውን መርሳት

አዲሷ ጓርኒሲዮን ክዳኑን ከሳልባትዮው ስለምትለየው ጌጁ ማሳ ሊያጣ ይችላል። "ቀይሬ ጌጁ ሞተብኝ" የሚሉ ብዙዎቹ ችግራቸው ይህ ነው። ቡናማዋ ሽቦ ማሳ ናት፤ ጫፏን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ መልሷት። መለኪያ ካላችሁ ኤሌክትሪኩ ጌጅ ሙሉ ላይ 10 ኦም ገደማ፣ ባዶ ላይ ከ70 በላይ ማሳየት አለበት። መርፌዋ ቀስ ብላ ብትወጣ አትደንግጡ፣ ተፈጥሮዋ ነው።

በሩብ ቤንዚን ሞክሮ "አለቀ" ማለት

ሩብ ላይ ቤንዚኑ ክዳኑን አይነካም፤ ስለዚህ ምንም አያልብም። ሙሉ አድርጉ። ደረቅ ሶፍት ዙሪያውን መልሳችሁ አድርጉና ጅሬን ውጡ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ላይ ሞተሩን አጥፍታችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። ሶፍቱን በጣታችሁ ጫን፣ ከዚያ ወደ አፍንጫ። ደረቅ ከሆነ ልጆቹን መስኮቱን ዝጉ በሏቸው።