ልማት ለሚያጠፋው ረግረግና ጅረት የማካካሻ እቅድ እንዴት ይዘጋጃል?

ለመንገድ፣ ለሕንፃ ወይም ለፋብሪካ ሲባል ረግረግ ይደፈናል፤ ጅረት ቱቦ ውስጥ ይገባል። ብዙ አገሮች ታዲያ «ያጠፋኸውን ሌላ ቦታ ተካ» ይላሉ። ይህን መተካት ማቀድ ሥራዬ ከሆነ ቆይቷል።

እቅድ ሲባል አብዛኞቻችን ቀድመን የምናስበው ችግኝ ነው። ምን ዓይነት ዛፍ፣ ስንት፣ በስንት ሜትር ርቀት። እኔም እንደዛው ነበርኩ። አሁን ግን የሰው እቅድ ለአስተያየት ሲመጣልኝ የችግኙን ሠንጠረዥ ዘልዬ በቀጥታ ስለ ውሃ የተጻፈውን እፈልጋለሁ። እዚያ ላይ ሦስት መስመር ብቻ ካገኘሁ መልሼ እልከዋለሁ።

1. መጀመሪያ ጉዳቱን ቀንሱ

ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። ማስቀረት የሚቻለውን ማስቀረት፣ ያልተቻለውን መቀነስ፣ የተረፈውን ማካካስ። መንገዱ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ረግረጉ ይተርፋል? ቱቦ ከመቅበር ድልድይ ቢሠራስ? ንድፉ ሳያልቅ ከመሐንዲሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። ካለቀ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

2. የሚጠፋውን በሥራው ለኩ

ስፋት ብቻ አይበቃም። ያ ረግረግ ምን ይሠራ ነበር? ጎርፍ ያቆራል? ደለል ያጣራል? ወፍ ይራባበታል? በደረቅ ወቅት ከሥሩ ያለውን ጅረት ይመግባል? ጅረት ደግሞ በርዝመት ይለካል፤ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰውና ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚፈሰው እኩል አይቆጠሩም። ለረግረግ ረግረግ፣ ለጅረት ጅረት ነው። ጅረት ቀብሮ «ኩሬ ቆፍሬ ተክቻለሁ» የሚል እቅድ አይቻለሁ። ወደ ላይ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥል የነበረው ዓሣ ኩሬው ውስጥ ምን ይሠራል?

ድንበሩን ስትለዩ በዓይን አትመኑ። አካፋ ያዙና ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ውሃ ለረጅም ጊዜ የተኛበት አፈር ግራጫ ይሆናል። የሥር መንገዶችን ተከትሎ ዝገት የሚመስል ብርቱካናማ ነጠብጣብ ታያላችሁ፤ ኦክስጅን ሲመጣና ሲሄድ ብረቱ የሚተወው ምልክት ነው። አንዳንዴ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ያ ሽታ ለእኔ ጥሩ ዜና ነው።

3. ምጣኔውን ወስኑ

አንድ ሄክታር ጠፍቶ አንድ ሄክታር መመለስ ፍትሐዊ ይመስላል። ግን የጠፋው ዛሬ ነው የጠፋው። የሚተካው ለመብሰል ዓመታት ይፈልጋል፤ በጫካ የተሸፈነ ረግረግ ከሆነ ደግሞ አሥርት ዓመታት። ላይሳካም ይችላል። ስለዚህ ከአንድ በላይ መመለስ የተለመደ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ደንብ ለምሳሌ የረግረጉን ሥራ የሚመዝን ዘዴ ከሌለ ቢያንስ አንድ ለአንድ ይላል፤ አደጋው፣ ጊዜውና ርቀቱ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

4. ቦታ ምረጡ

በተቻለ መጠን እዚያው ተፋሰስ ውስጥ ይሁን። ከባዶ ረግረግ ከመፍጠር ድሮ ረግረግ የነበረን ቦታ መመለስ ይሻላል። ቦይ ተቆፍሮለት የደረቀ እርሻ ካገኛችሁ አትልቀቁት። አፈሩ የድሮውን ያስታውሳል፤ ቦዩን መድፈን ብቻ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ያለ ረግረግ አጥሮ «ጠበቅኩ» ማለት ግን የጠፋውን አይመልስም።

አንዳንድ አገር የማካካሻ ባንክ የሚባል አለ፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ረግረግ መልሶ ድርሻውን (ክሬዲት ይሉታል) ለሚያለማ ይሸጣል። መግዛት የሚቻልበት አገር ከሆነ፣ እኔ ወደዚያ አደላለሁ። ቢያንስ የቆመ ነገር ነው የምትገዙት።

5. ውሃው ከየት ይመጣል?

እዚህ ጋ ነው እቅዶች የሚወድቁት። የእኔም የወደቀው እዚሁ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ቦታውን ያየሁት አንድ ጊዜ ነበር፤ ዝናቡ ባበቃ ሰሞን። ውሃ ተኝቶበታል፣ እንቁራሪት ይጮሃል። ደስ አለኝ። ሌላ ማጣራት አላስፈለገኝም። ውሃው ጥልቀት እንዲኖረው ብለን ሜዳውን በኤክስካቫተር ዝቅ አደረግነው። ለካ ውሃውን ይዞት የነበረው ለዓመታት የከባድ መኪና ጎማ የጠቀጠቀው ስስ ንብርብር ነበር። ከሥሩ አሸዋ ነው። ማሽኑ ያንን ንብርብር ቀዶት ሲወጣ እንደ ወንፊት ሆነ። በቀጣዩ ደረቅ ወቅት ከተከልነው ቄጠማ አብዛኛው ደረቀ፤ ቦታውን አረም ወረሰው። ባለሀብቱ ደውሎ «ረግረጉ የታለ?» ሲለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

ስለዚህ ከመቆፈር በፊት የከርሰ ምድር ውሃውን ከፍታ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ለኩ። ጎኑ የተቀዳደደ የፕላስቲክ ቱቦ በየቦታው ይተከላል፤ በዙሪያው አሸዋ ይሞላል፣ አፉ አካባቢ የዝናብ ውሃ በጎን እንዳይገባ በሸክላ አፈር ይታተማል። በየሰዓቱ ራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ ግዙ። በየሳምንቱ ሜትር ይዞ የሚሄድ ሰው ይረክሳል፣ ግን ሁለት ሳምንት ይቀርና መሃል ላይ የሆነውን ታጡታላችሁ። በአሜሪካ የሚሠራበት መለኪያ እንዲህ ነው፤ ዕፅዋት በሚያድጉበት ወቅት ውሃው ቢያንስ ለ14 ተከታታይ ቀናት ከመሬት ወለል በታች 30 ሴንቲሜትር ውስጥ መቆየት አለበት፤ ያውም ከአሥር ዓመት በአምስቱ። የለካችሁበት ዓመት ዝናቡ ከወትሮው የበዛ ወይም ያነሰ መሆኑንም አረጋግጡ። በጥሩ ዝናብ ዓመት ሁሉም ቦታ ረግረግ ይመስላል።

ከዚያ ገቢና ወጪውን በወር በወር ጻፉ። የሚገባው ዝናብ፣ ጎርፍና የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የሚወጣው ትነት፣ ፍሳሽና ስርገት። ወሩ ከጎደለ ጎደለ ነው፤ በዓመቱ ድምር አትሸፍኑት። የመሬቱ ከፍታም ስስ ነገር ነው። 15 ሴንቲሜትር ስህተት ሣር የሚያድግበትን ቦታ ክፍት ኩሬ ሊያደርገው ይችላል። ለማሽን ነጂው ንድፍ ብቻ አትስጡት፤ አጠገቡ ቁሙ። እሱ ሜዳ ማስተካከል ነው የለመደው፣ ረግረግ ደግሞ ጎርበጥባጣ ሲሆን ነው ሕይወት የሚኖረው።

የላይኛውን አፈር ለብቻው አስቀምጡና መጨረሻ ላይ መልሱት።

6. ጅረት ከሆነ

ቀጥ አድርጋችሁ አትቆፍሩ። በአካባቢው ጤነኛ የሆነ ተመሳሳይ ጅረት ፈልጉና ስፋቱን፣ ጥልቀቱን፣ ጥምዝምዙን ለኩ፤ ንድፋችሁ ከእሱ ይነሳ። ውሃ ሲሞላ ወደ ጎን ሜዳ መውጣት መቻል አለበት፤ ካልቻለ የራሱን ወለል እየቆፈረ ይሰምጣል። ዳርቻውን በድንጋይ መሙላት አልወድም። ለፎቶ ያምራል፣ ለዓሣ ግን ጥላና ሥር ይበልጣል። አንዳንዴ ከላይ ያለ አንድ ጠባብ ቱቦ መንቀል ከብዙ ሜትር ቁፋሮ ይጠቅማል።

7. ተከላ

የአካባቢውን ዝርያ፣ እንደ ውሃው ጥልቀት። በቃ።

8. የስኬት መለኪያና ገንዘብ

«ዕፅዋቱ ጥሩ ይሆናል» መለኪያ አይደለም። የውሃው ከፍታ፣ የሽፋኑ መቶኛ፣ መጤ አረም ከስንት እንዳይበልጥ፣ ሁሉም በቁጥር ይጻፍ። የአሜሪካው ደንብ ክትትሉ ከ5 ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ በጫካ ላለው ይረዝማል። መሬቱ ነገ እንዳይሸጥና እንዳይታረስ የጥበቃ ውል ይታሰርበት። «ካልሆነስ?» ለሚለውም አንድ ገጽ ይኑር፤ ማን ያስተካክላል፣ በማን ገንዘብ። እኔ ያ ገጽ አልነበረኝም፤ ድጋሚ ተከላው የተከፈለው ከደሞዜ ባይሆንም፣ ቀጣዩን ሥራ ግን አሳጥቶኛል።

ባለሀብቱ ለሥራው የሚያስይዘው የዋስትና ገንዘብ በባንክ ይያዝና ደረጃ በደረጃ ይለቀቅ። ትልቁ ድርሻ የሚለቀቀው ችግኙ ሲተከል ሳይሆን የመለኪያ ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ በዝናብ አጠር ዓመትም ሲገኝ ይሁን።