ሦስት ጊዜ የተነፈሰው ጎማ

እኔና ባለቤቴ ትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ) አብረን ነው የምንወዳደረው። ውድድር በሌለ ጊዜ ደግሞ በብስክሌት አገር እናያለን። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ስናቋርጥ የኋላ ጎማዬ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ሙቀቱ አይጣል ነው!

ሁለቱን ጊዜ ከመነዳሪውን፣ ማለትም አየር የሚይዘውን የውስጥ ጎማ፣ ቀይረን ዝም ብለን ቀጠልን። ስህተታችን እሱ ነበር። በሦስተኛው ባለቤቴ «ቆይ እስኪ፣ ቀዳዳው በየት በኩል ነው?» አለኝ። ነፋ አድርገን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ቀዳዳው በመንገዱ በኩል ሳይሆን ጎማው በሚገጠምበት ክብ ብረት፣ በቸርኬው በኩል ነው። እሾህ አይደለም ማለት ነው። የቸርኬው የውስጥ ጥብጣብ ተንሸራቶ የራጂው (የቸርኬው ሽቦ) ቀዳዳ ተገልጧል። ከመነዳሪው በአየሩ ግፊት እዚያ እየገባ ጠርዙ ይቆርጠዋል።

ጥብጣቡን አውጥተን ቸርኬውን አጽድተን አደረቅነው። ከዚያ የኤሌክትሪክ ናስትሮ ወጠር አድርገን ሁለት ዙር ጠቀለልንበት፤ ለቫልቩ ብቻ ቀደድንለት። እስከ ደጀን አንዴም አልተነፈሰ።

ቤት ስንገባ ግን በጨርቅ ጥብጣብ ቀየርነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲበዛ ቸርኬው ይግላል፤ የናስትሮው ማጣበቂያም ይለቃል።